ጉንዳኑ ከሄደ በኋላ

ስሜ አለኸኝ ይርሳው፣ ሥራዬ ረዳት፤
ከማርቆስ ባሕር ዳር ሰው ጭኖ መጥራት፤
አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣
ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ጥሊሊ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላም፤
ዐይኔን ጨፍኜ እንኳ ተሳስቼ አላውቅም።

በዚያ ሰኞ ጧት ግን፣ ደምበጫ ስንገባ፣
ራሴ ውስጥ ውስጡን ጨሰ እንደ እርጥብ ገለባ፤
ጥለነው የመጣነውን ከተማ ጠራሁት፤
«ማርቆስ ወራጅ አለ?» ሰው ሁሉ ሳቀበት፤
ለአንዱ መልስ ሁለቴ፣ ለሌላው ነፈግሁት።
ጋሽ እምቢያለ በመስታወቱ አየኝ፤
«አንተ ልጅ፣ ማታ ምን አጠጡህ?» አለኝ።

ሦስት ዓመት የሆነው ከሞተ አጎቴ፣
ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል፣ በሞቴ!
«ሂሳብ» ብዬ እጄን ብዘረጋ ወደ እሱ፣
አንድ ጭብጥ አፈር አወጣ ከኪሱ።

ቀሪው የሰው ወሬ ነው፤ እኔ አልነበርሁበትም፤
ሊዘል ነበር አሉ፤ ክንድም አልያዘው፣ ገመድም።
አንዷ «ዐይን ነው» አለች፤ አንዱ «ዛር ነው» አለ፤
ግንባሬን ነክቶ ግን ጋሽ እምቢያለ፦
«ዛር ትኩሳት የለውም፤ ይህ ልጅ ተቃጠለ!»
የጅጋን ወራጅ ሁሉ እያንጫጫ ነድቶ፣
ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ቆመ ጡሩንባ ነፍቶ።

ሐኪሙ ጀርባዬን እንደ ማጭድ አጥፎ፣
ከአከርካሪዬ ውሃ ቀዳ፣ በመርፌ ጠልፎ፤
እንደ ምንጭ ኩልል ሊል የሚገባው፣
የገብስ እጣቢ መስሎ ወረደ አሉ።
«ማጅራት ገትር» ብሎ ጻፈ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በደም ሥሬ መድኃኒት።
ትኩሳቱ ለቀቀ። አንገቴ ታዘዘልኝ። ስሜን አወቅሁት።
«ድኗል» ተባለ። ዶሮ ታረደ። ሰው መጣ፣ ሄደ።
እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

የሞተብኝ የለም። የከዳችኝም የለች።
ወጡ ወጥ ነበር፤ ጣዕሙ ብቻ
የሆነ ፌርማታ ላይ ወርዶ ቀርቷል፣
ሂሳብ ሳይከፍል።
የጫማዬን ክር ማሰር ጮቄን መውጣት ሆነ።
«ስንፍና ነው» አሉ፤ «ጠበል ይሞከር» አሉ፤
ጠበሉንም ሞከርሁ፤ አልዋሽም፣ ደግ ነበር፣
ሦስት ሌሊት አስተኝቶኛል።

በቀጠሮዬ ቀን ሲስተር ትሁኔ
አባቴን አስቀምጣ እንዲህ አለችው፦
«ጀርሙ ሞቷል፤ ሊዋጋው የወጣው ጦር ግን
ገና አልገባም። ይህ ሐዘን ከቁስሉ ነው፣
ከልጁ ጠባይ አይደለም።»
አባቴ ዝም አለ። አባቴ ንብ አርቢ ነው።
መንገድ ላይ ነው የገባው፣ ጅጋ ልንደርስ ስንል፦

«ጉንዳን የገባ 'ለት ከቀፎዬ መሃል፣
ንቡ ለቤቱ ነው፣ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤
ጉንዳኑን ይነድፋል፤ ጥጃዋን ይነድፋል፤
ያሳደግሁት እኔን፣ ዐይኔን ይነድፈኛል።
ጉንዳኑ ሲሄድም፣ በነጋው፣ በሠልስቱ፣
ንብ አያውቅም፣ ልጄ፣ መሄዱን ጠላቱ፤
ያጉረመርማል ገና፣ ይዞራል በቤቱ፤
ማር አይሠራም ያኔ፤ ሰምም አይጋግር።
ታዲያ ቀፎው ከፋ ብዬ ላቃጥለው ነበር?»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አንዲት ነጭ ኪኒን፤
ጧት ጧት አባቴ፣ ምንም ሳይናገር፣
ጫማዬን ከአልጋው ሥር ወደ በሩ ያቀርባል።
አንዳንድ ቀን አሰርሁት። አንዳንድ ቀን አየሁት ብቻ።

በየካቲት መጨረሻ መናኸሪያ ቆምሁ።
«አማኑኤል! ደምበጫ!» አልሁና
የሚቀጥለው ስም ጠፋብኝ፤
እትብቴ የተቀበረበት ስም።
አፌ እንደ ተከፈተ ቀረ። ሰው አየኝ።
ጋሽ እምቢያለ ሞተሩን አላስነሳም።

ከኋላ ወንበር፣ አጎቴ ከነበረበት፣
ዶሮ ያቀፈች ሴት ቀስ ብላ፦ «ጅጋ» አለችልኝ።
«ጅጋ!» አልሁ ጮኼ።
ጆሮዬ ውስጥ፣ እንደ ሩቅ ቀፎ፣
አንድ ነገር ያጉረመርም ነበር አሁንም።
መልሷን ግን ቆጥሬ፣ ሳላጎድል ሰጠኋት።